የቦቴዋ ብርድ ልብስ

በድሬዳዋ የጥላ ሰዓት ከረፋዱ አራት ሰዓት ይጀምራል፤ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ያበቃል። በእነዚህ ስድስት ሰዓታት ውስጥ ከቤት ውጭ መገኘት ክልክል ነው። የሚፈቀደው ለፍየሎች ብቻ ነው፤ እነሱም የሚያብረቀርቀውን ካፖርታቸውን ከለበሱ ነው። ጡሩንባው ሲነፋ ባጃጆች ተሳፋሪያቸውን ባሉበት አውርደው ራሳቸውን ወደ ጥላ ይነዳሉ። ሹፌር ከሌላቸው ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ገንደ ቆሬ አንሄድም ማለታቸውን ግን አልተዉም።

እኔ የምኖረው ገንደ ቆሬ ነው። የምሠራው ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የብርድ ልብስ ስፌት ቤት ነው። ብርድ ልብሱ ለሰው አይደለም፤ ውሃ ጭነው ወደ ማርስ ለሚመላለሱ መርከቦች ነው። እኛ መርከቦቹን ቦቴ እንላቸዋለን። ቦቴዋ በመንገድ ላይ ሰባት ወር ትቆያለች። በአንድ ጎኗ ፀሐይ ይጠብሳታል፣ በሌላው ጎኗ ብርድ ያንዘፈዝፋታል። ብርድ ልብሱ ከሌለ ውሃው ግማሹ በረዶ፣ ግማሹ እንፋሎት ሆኖ ይደርሳል። ማርስ ያሉት ሰዎች ደግሞ አቤቱታ መጻፍ ይወዳሉ ይባላል።

አንድ ብርድ ልብስ ሃያ ገበር አለው። ገበሩ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው፤ ሁለቱም ፊቱ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። በየገበሩ መካከል እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ ያለ መረብ ይገባል። ሁሉም ተደርቦ ሲያልቅ በእጅ ይሰፋል። እኛ ዘንድ ያለው ማሽን አንድ ጊዜ ሞክሮት ነበር፤ ቀደደው። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ላይ ሻይ እናስቀምጥበታለን።

የእኔ ሥራ መቁጠር ነው። አንድ ገበር በተነጠፈ ቁጥር፣ አንድ መርፌ በገባና በወጣ ቁጥር፣ ጮክ ብዬ ቁጥሩን እጠራለሁ። «ጮክ ብዬ» የሚለው የደንቡ ቃል ነው። እኔ የምቆጥረው በሹክሹክታ ነው፤ ሰፊዎቹም ከንፈሬን ማየት ለምደዋል። ይህን ሥራ የመረጥኩት ከቁጥር በስተቀር ሌላ ነገር መናገር ስለማይጠይቅ ነው።

የሰፊዎቹ አለቃ አው ሙሜ ነው፤ «አው» ሐረሮች ለታላቅ ሰው የሚሰጡት ማዕረግ ነው። አባቱም አያቱም ሐረር ውስጥ ልብስ ሰፊዎች ነበሩ፤ እሱ ራሱ አርባ አንድ ዓመት ሰፍቷል። ዕድሜው ሰባ ሊሞላ ነው፤ ነገር ግን ድሬ ውስጥ ሽማግሌውም ከንቲባውም «አንተ» ስለሚባል እኔም እንደዚያው እለዋለሁ። አው ሙሜ አንድ መስመር ሰፍቶ ሲጨርስ የአውራ ጣቱን ጥፍር በስፌቱ ላይ ያስኬዳል። ጥፍሩ ክሩን ካገኘው መስመሩን በሙሉ ፈትቶ እንደገና ይሰፋል። ስፌቱ ጨርቁ ውስጥ ጥብቅ ብሎ መግባት አለበት። «የሚታይ ክር የሚታይ ነውር ነው» ይላል። ከጆሮው ጀርባ ሁልጊዜ አንድ ጠመኔ ሰክቶ ይዞራል፤ ሲፈልገው ግን ኪሱን ነው የሚዳብሰው።

የተሰፋ ብርድ ልብስ ወደ ድስቱ ይገባል። ድስት የምንለው አየር የሌለበትን፣ ከማንኛውም ብርድ የባሰ ብርድ ያለበትን ትልቁን የብረት ክፍል ነው። ብርድ ልብሱ የፈላ ውሃ በያዘ በርሜል ላይ ይጠቀለላል፤ ከሦስት ቀን በኋላ የውሃው ሙቀት ይለካል። አርባ ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ብርድ ልብሱ አለፈ። ካልሆነ ወደቀ።

ለአዲሷ ቦቴ የሰፋነው የመጀመሪያው ብርድ ልብስ ሠላሳ አንድ አመጣ። አው ሙሜ ሁለት ቀን ሙሉ ስፌቱን በጥፍሩ ሲመረምር ዋለ። ከዚያም ሰፊዎቹን ሰብስቦ «ላልቶብናል፤ አጥብቁ» አለ። አጠበቁ። ሁለተኛው ሃያ ዘጠኝ አመጣ።

ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። ሦስተኛው ብርድ ልብስ ከወደቀ ሥራው ማሽኑ ወደማይቀድበት ሌላ ስፌት ቤት ይዛወራል፤ የእኛ ይዘጋል። ሠላሳ ሁለት ሰፊዎች ይበተናሉ። አው ሙሜም መርፌውን ይሰቅላል። ደብዳቤው ሲነበብ አው ሙሜ ጣቶቹን እያየ ቆመ። ጣቶቹ ሌላ ሥራ አያውቁም።

ከደብዳቤው ጋር ተቆጣጣሪዋ ኢንጂነር ማኅደር መጣች። ኢንጂነር ማኅደር ሰውን ሁሉ «እርስዎ» ትላለች። እኔን «እርስዎ» ስትለኝ ወደ ኋላዬ ዞሬ ማን እንደቆመ አየሁ። እሷን ግን ከበር ጠባቂው ጀምሮ ሁሉም «አንቺ» አላት፤ በመጀመሪያው ቀን ፊቷ የቲማቲም ድልህ መሰለ። በሁለተኛው ቀን ስፌቱን በማጉያ አይታ «አባቴ፣ ትንሽ አስተያየት ነበረኝ» አለችው አው ሙሜን።

«አስተያየት የምን?»

«ስለ ስፌቱ።»

አው ሙሜ መርፌውን አስቀምጦ ወደ ቤቱ ሄደ። ሦስተኛው ብርድ ልብስ ድስቱ ውስጥ ሊገባ ስድስት ቀን ብቻ ቀርቶን ነበር።

እዚህ ላይ ስለ እኔ ቤት መናገር አለብኝ።

የወደቀ ብርድ ልብስ እንደ ደንቡ መቃጠል አለበት። ማቃጠያው ከተበላሸ ግን አስራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ጠጋኙ ይመጣል እየተባለ ነው። እስከዚያው ድረስ የወደቁት ብርድ ልብሶች በየሰዉ ጣራ ሥር ኮርኒስ ሆነው ጠጋኙን ይጠብቁታል። ገንደ ቆሬ ውስጥ አው ሙሜ የሰፋው ኮርኒስ የሌለው ቤት የእኔ ብቻ ነበር። ተራ በተያዘ ቁጥር ሰው «ወንድሜ፣ አንዴ ላልፍ?» ይለኛል፤ እሺ እላለሁ። መጨረሻ ላይ የደረሰኝ ያልተሰፋ ቁርጥራጭ ገበርና የተጣለ መረብ ነው። እኔም በማዳበሪያ መስፊያ መርፌ፣ ስንዝር በስንዝር እየዘለልኩ፣ ደራርቤ ሰፋሁት። ብስበው እንዳይቀደድ ፈርቼ ክሩን አላጠበቅኩትም። ሲሰቀል ሆዱ ወደ ታች ተንጠለጠለ። አፍሬ አንድ ወር ሙሉ በሬን ዘግቼ ኖርኩ።

ከዚያ ዘሃራ መጣች። ዘሃራ ሳምቡሳ የምትጠብሰው ጎረቤቴ ናት። የመጣችው ትሪ ልትመልስ ነበር። በሩን አልፋ ሁለት እርምጃ ስትገባ ቆመች።

«ተኬ፣ አቦ ይሄ ቤት ምን ሆኗል?»

ስሜ ተካልኝ ነው። «ምን ሆነ?» አልኩ።

«ወላሂ ፍሪጅ ነው!» አለችና ትሪውን አስቀምጣ ተቀመጠች። ጡሩንባው ተነፋ። እስከ አስር ሰዓት ድረስ አልተነሳችም።

በማግስቱ እህቷን ይዛ መጣች። በሦስተኛው ቀን ጡረታ የወጣው ባቡር ነጂ ሬዲዮኑን አቅፎ መጣ። «አምስት ደቂቃ አርፌ ልሂድ» አለ። ከሄደባቸው ቀናት ይልቅ ያልሄደባቸው ይበዛሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ በየጥላ ሰዓቱ ቤቴ ውስጥ የሚቀመጡት ሰዎች አስራ አንድ ሆኑ። ቆጥሬያቸዋለሁ። ትራሱን ተካፈሉት፣ ጫታቸውን ዘረጉ፣ ሰው አሙ። ውጡ ማለት አልቻልኩም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ቦታ አጥቼ ደፉ ላይ ተቀመጥኩ።

«አንተ፣ በሩን ዝጋው እንጂ! ሙቀት እያስገባህብን ነው» አለኝ ባቡር ነጂው።

ዘጋሁት፤ እኔ በውጭ በኩል ቀረሁ።

አው ሙሜ ሥራ ጥሎ በሄደበት ዕለት ኢንጂነር ማኅደር ይቅርታ ልትጠይቀው ወደ ገንደ ቆሬ መጣች። ቤቱን ሳታገኘው ጡሩንባው ተነፋ። ባጃጇ ሰፈራችን መሀል አራግፋት ጠፋች። ዘሃራ በመስኮት አየቻት።

«ነይ ግቢ! ልትጠበሺ ነው?»

«አመሰግናለሁ፣ እኔ ወደ—»

«ኋላ ታመሰግኛለሽ፤ ግቢ አቦ!» ብላ ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። ኢንጂነሯ ደፉ ላይ የተቀመጥኩትን እኔን ተሻግራ ገባች።

ከዚያ በሩ ተከፈተና ብቅ አለች። በእጇ መለኪያ ይዛለች።

«ውጭው አርባ ሰባት ነው» አለች። «ውስጡ ሃያ ስምንት። የማን ቤት ነው?»

ዘሃራ በሳምቡሳ ወደ እኔ ጠቆመች።

«የእርስዎ ነው? ታዲያ ለምን ውጭ ተቀመጡ?»

«ቦታ... ሞልቷል» አልኩ።

ኢንጂነሯ ቀጥሎ ያለውን የዘሃራን ቤት ለካች፤ ሠላሳ ስድስት ነበር። የዘሃራ ኮርኒስ አው ሙሜ በገዛ እጁ የሰፋው ነው። ተመልሳ መጥታ የእኔን ኮርኒስ ሆድ በጣቷ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችው።

«ይህን የሰፋው ማነው?»

አስራ አንዱም ወደ እኔ አዩ።

«አልሰፋሁትም» አልኩ። «ዝም ብዬ... ሰቀልኩት።»

ኢንጂነር ማኅደር መሬት ላይ ተቀመጠችና ሳቀች። ድሬ ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ነገሩ ቀላል መሆኑን ነገረችን። ገበሮቹ የሚሠሩት ሳይነካኩ ሲቀሩ ነው። ስፌቱ ከጠበቀ ያጣብቃቸዋል፤ ሙቀቱም በክሩ ላይ እንደ ድልድይ ተሻግሮ ይወጣል። አው ሙሜ ባጠበቀ ቁጥር ድልድይ ይጨምራል።

«ስለዚህ አው ሙሜ የወደቀው በጣም ጎበዝ ስለሆነ ነው?» አለች ዘሃራ።

«አዎ። ግን ማን ይነግራቸዋል?» ብላ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎ ይንገሯቸው።»

«እኔ ቆጣሪ ነኝ።»

«እኔማ ገና አስተያየት ስል ነው ጥለውኝ የሄዱት።»

«ኤጭ!» አለች ዘሃራ። መስኮቱን ከፍታ በሦስተኛው ቤት ወደሚኖረው አው ሙሜ ጮኸች። «አው ሙሜ! ስማ! ስፌትህ ነው የሚያስወድቅህ! የጥላ ሰዓቱ ሲያበቃ ና!»

የጥላ ሰዓቱ ሲያበቃ መጣ። ሰላም አላለም። ኮርኒሱን ቀና ብሎ አየው። አየው፣ አየው። ከዚያ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቀ።

«ይህን የሰፋ ሰው በሕይወት አለ?»

ዘሃራ ሳቋን በእጇ አፈነች።

«ሰው ነው? ወይስ ፍየል መርፌ ነክሳ ነው?»

«ተኬ ነው» አለ ባቡር ነጂው።

አው ሙሜ ወደ እኔ ዞረ። ለስምንት ዓመት ከንፈሬን ሲያይ ኖሮ ፊቴን ያየው ያን ቀን መሰለኝ። ጥፍሩን በስፌቴ ላይ ሊያስኬድ ሞከረ፤ ጣቱ በሙሉ ገባ። ዓይኑን ጨፈነ። ወጥቶ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ኢንጂነሯም መለኪያውን ይዛ ተከተለችው። የእሱ ቤት ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ነበር። ለዓመታት ሙቀቱን በሚስቱ ምድጃ ሲያመካኝ ኖሯል። ሚስቱ መለኪያውን ከኢንጂነሯ እጅ ተቀብላ ዓይኑ ድረስ አስጠግታ አሳየችው።

በማግስቱ ጠዋት አው ሙሜ ከሁሉም ቀድሞ ስፌት ቤት ደረሰ። «እናላላለን» አለ።

ግን አልቻለም። በሙከራ ቁራጭ ላይ አንድ መስመር ሰፋና «ይኸው፣ ተበላሽቷል» ብሎ ሰጠን። ኢንጂነሯ በማጉያ አየችው። ስፌቱ እንደ ሽምብራ ክክ እኩል በእኩል ተከፍሎ፣ ጥብቅ ብሎ፣ ጨርቁ ውስጥ ተቀብሯል።

«አላላሁት እኮ!» አለ አው ሙሜ።

«አባቴ፣ አሁንም በጣም ያምራል» አለች በሐዘን።

«ክሩን ስለቀው ጣቴ ራሱ ይስበዋል። እኔ አይደለሁም፤ እሱ ነው» አለ ጣቱን እየጠቆመ። ሌሎቹን ሰፊዎች ያሰለጠነው እሱ ስለሆነ የሁሉም ጣት እንደዚያው ነበር። ሠላሳ ሁለት ሰዎች ተደርድረው ለማበላሸት ሲታገሉ ዋሉ፤ አንድም የተበላሸ ነገር አላወጡም።

«ተኬ» አለኝ አው ሙሜ፣ «አንተ እንዴት ነው ያበላሸኸው?»

«ሳላስብ።»

«ሳያስቡ እንዴት ይሰፋል?»

በግራ እጁ እንዲሰፋ ተሞከረ። የመጀመሪያው ሰዓት ተስፋ ሰጪ ነበር፤ በሁለተኛው ሰዓት ግራ እጁም ጎበዘ። ሐሳቡ እንዲበተን ዘሃራ መጥታ አጠገቡ ስለ ጎረቤት እንድታወራለት ተደረገ። ወሬውንም ሰማ፣ ስፌቱም አማረ። እኔ ልስፋው የሚል ሐሳብም ተነስቶ ነበር፤ ኢንጂነሯ የእኔን ስፌት በማንቀጥቀጫ ማሽን ላይ አስቀመጠችው። ቦቴ ስትነሳ የምትንቀጠቀጠውን ያህል ሲያንቀጠቅጠው ተዘነጠለ። መላላቱ ብቻ አይበቃም፤ እኩል መላላት አለበት። እኩል መስፋት የሚችሉት ማላላት አይችሉም፤ ማላላት የምችለው እኔ እኩል መስፋት አልችልም።

ሁለት ቀን ቀረን።

አው ሙሜ ያን ዕለት በጥላ ሰዓት እኔ ቤት መጣ። የራሱ ቤት ውስጥ መቀመጥ ጠልቷል። አስራ አንዱ ተጠጉለት፤ ኢንጂነሯም በጥግ በኩል ነበረች፤ ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ አልቀረችም። እኔ በር ሥር ነበርኩ። ማንም ስለ ስፌት አላወራም፤ ሐዘን ቤት መሰለ። መሀላችን ላይ ቅጠሉ ያለቀ የጫት እንጨት፣ ገራባው፣ ተከምሯል።

«አው ሙሜ፣ እጅህ ሥራ ከፈታ ይህችን ቁልፍ ትከልልኝ» አለ ባቡር ነጂው፤ የድሮ የደንብ ካፖርቱን ዘርግቶ።

አው ሙሜ መርፌ አወጣ። ቁልፉን በካፖርቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ እጁን ወደ ክምሩ ሰዶ አንድ ቀጭን ገራባ አንስቶ ቁልፉ ላይ አጋደመውና በላዩ ላይ ሰፋ። ሲጨርስ ገራባውን ሳብ አድርጎ አወጣው። ቁልፉ ከጨርቁ ትንሽ ተነሥቶ፣ ላላ ብሎ ቀረ። ቁልፍ ከጠበቀ ቀዳዳው ውስጥ አይገባም፤ ይህን ሰፊ ሁሉ ያውቃል። እጁ ሳያስብ ነው ያደረገው። ጣቱ እንደ ልማዱ ክሩን ሙጭጭ አድርጎ ስቦት ነበር፤ ግን የሳበው እንጨቱ ላይ ነው።

ማንም ልብ አላለም። አው ሙሜ ገራባውን ወርውሮ ክሩን በጥርሱ ቆረጠ።

እኔ አየሁ። ሌላ ሰው ይናገረዋል ብዬ ጠበቅሁ። ባቡር ነጂው ካፖርቱን ለበሰ። ዘሃራ አዛጋች።

«እንጨቱ» አልኩ።

ማንም አልሰማም።

«አው ሙሜ፣ እንጨቱ!»

ዞረ። «የቱ እንጨት?»

አንድ ገራባ አንስቼ በእጄ ያዝኩት። አው ሙሜ እንጨቱን አየ፤ ቁልፉን አየ፤ ኮርኒሴን አየ። ከዚያም ድሬዳዋ ውስጥ ማንም ያላየውን ነገር አደረገ፤ በጥላ ሰዓት ተነስቶ ወደ ውጭ ሮጠ። ዘሃራ በካፖርት ጠቅልላ መለሰችው።

«በእያንዳንዱ ስፌት ሥር ገራባ?» አለች ኢንጂነሯ። «በንጹሕ ክፍል ውስጥ? ጫት?»

«ጫት አይደለም» አለ አው ሙሜ። «ጫቱማ እዚህ ነው ያለው» ብሎ ጉንጩን ነካ።

«አባቴ፣ በሪፖርቱ ላይ ምን ብዬ ልጻፈው?»

«እንጨት በይው።»

«ተፈጥሯዊ የስፌት ማንሻ ዘንግ» ብላ ጻፈች።

ያን ቀን የጥላ ሰዓቱ ሲያበቃ የገንደ ቆሬ ሰው ገራባውን በፌስታል ይዞ ስፌት ቤቱ በር ላይ ተሰለፈ። ዘሃራ መራጭ ሆነች። የጎበጠውን፣ የወፈረውን፣ ጥርስ የነከሰውን ትመልሳለች። «ይሄ ምንድነው? አንተ እንጨቱንም ልትቅመው ነበር?» እያለች አንድ ሺህ ስምንት መቶ እኩል እንጨቶች መረጠች። ተላጡ፣ ተቀቀሉ፣ በአልኮል ታጠቡ፣ ደረቁ። ነጭና ልሙጥ ሆኑ። ኢንጂነሯ ለእኔ አንድ ትእዛዝ ብቻ ሰጠችኝ።

«የገባው ሁሉ መውጣት አለበት። አንድ እንጨት ብርድ ልብሱ ውስጥ ከቀረ ድስቱ ውስጥ እርጥበት ተፍቶ ሁሉንም ያበላሸዋል። እርስዎ ይቆጥራሉ።»

አንድ ሺህ ስምንት መቶ ቆጥሬ አስገባሁ።

ስፌቱ የተጀመረው በመጨረሻው ቀን ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሠላሳ ሁለቱ ሰፊዎች በብርድ ልብሱ ዙሪያ ተቀመጡ። እንጨት፣ መርፌ፣ ሳብ፤ እንጨት፣ መርፌ፣ ሳብ። አሁን ጣቶቻቸው እንደፈለጉ ያጥብቁ። አው ሙሜ ጥፍሩን በመጀመሪያው መስመር ላይ አስኬደው። ጥፍሩ እያንዳንዱን ክር አገኘው፤ ግን ሁሉንም በእኩል ከፍታ። «ይሄም ስፌት ነው» አለ። የሚስቱ ስም የተነሳ ያህል ፊቱ በራ።

ብርድ ልብሱ አራት ሰዓት ሳይሞላ ድስቱ ውስጥ መግባት ነበረበት፤ ጡሩንባው ከተነፋ በኋላ ኤሌክትሪኩ ለከተማው ማቀዝቀዣ ስለሚሄድ የድስቱ በር አይንቀሳቀስም። ለአራት ሃያ ጉዳይ ሲሆን አው ሙሜ የመጨረሻውን ክር ቆረጠ።

«አለቀ!»

እልልታው ቀለጠ። የድስቱ በር ተከፈተ። ስድስት ሰዎች ብርድ ልብሱን አነሱት። እኔ የወጡትን እንጨቶች ቆጥሬ ጨረስኩ።

አንድ ሺህ ሰባት መቶ ዘጠና ዘጠኝ።

እንደገና ቆጠርኩ። ዘጠና ዘጠኝ።

«አንድ ጎደለ» አልኩ በሹክሹክታ። ሰፊዎቹ ግን ከንፈሬን እያዩ አልነበረም፤ እየተቃቀፉ ነበር። ብርድ ልብሱ ወደ ድስቱ በር ደረሰ። ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ ከሦስት ቀን በኋላ መለኪያው እስኪናገር ድረስ። የአው ሙሜን ፊት አየሁት። ወንበር ላይ ወጥቼ ቆምኩ።

«አንድ ጎደለ!»

ድምፄ ጣራው ላይ ደርሶ ተመለሰ። እንደዚህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ እኔም አላውቅም ነበር። የተቃቀፉት ተላቀቁ።

«ምን አልክ?» አለ አው ሙሜ።

«አንድ እንጨት ጎደለ። አታስገቡት!»

«ተሳስተህ ይሆናል።»

«አልተሳሳትኩም!» ብዬ እሱ ላይ ጮህኩበት። ከወንበሩም አልወረድኩም።

ብርድ ልብሱ ተመልሶ ተዘረጋ። ስልሳ አራት እጆች በየስፌቱ ላይ መዳበስ ጀመሩ። ለአራት አስራ ሁለት ጉዳይ። ምንም የለም። ለአራት ስምንት ጉዳይ። አንዱ ሰፊ ጠረጴዛ ሥር በሆዱ ተኝቶ ይፈልጋል። አው ሙሜ ላቡ እየተንጠባጠበ «አምስተኛው መስመር ላይ ይሆናል፤ ልፍታው?» አለ። መቀሱን አነሳ። ጎንበስ አለ።

«አባቴ» አለች ኢንጂነር ማኅደር።

«ቆይ አታናግሪኝ!»

«አባቴ፣ ጆሮዎ።»

«ጆሮዬ ምን ሆነ?»

ሁላችንም አየን። ጠመኔው ዘወትር በሚሰካበት ቦታ፣ ከጆሮው ጀርባ፣ አንድ እንጨት ተሰክቷል።

አው ሙሜ አውጥቶ አየው። «ይሄ... ይሄ የራሴ ነው። ትናንት ስቅም የቀረ ነው» አለ።

ከወንበሩ ወርጄ ከእጁ ወሰድኩት። ነጭ ነው፤ ልሙጥ ነው።

«የተቀቀለ ነው» አልኩ። «አንድ ሺህ ስምንት መቶ።»

ለአራት ሦስት ጉዳይ የድስቱ በር ተዘጋ።

ሦስት ቀን ሙሉ አው ሙሜ ድስቱ አጠገብ ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ። ሚስቱ ምግብ ታመላልስለት ነበር። በሦስተኛው ቀን በሩ ተከፈተና ኢንጂነሯ መለኪያውን ውሃው ውስጥ አስገባች። ሁለት ጊዜ አየችው።

«አርባ ስድስት ነው» አለች። ከዚያም አው ሙሜን አቅፋ «አንተ ጉደኛ!» አለችው። ድሬ ከገባች በአስራ አንደኛው ቀን መሆኑ ነው።

ስፌት ቤቱ አልተዘጋም። ቦቴዋ በወሩ ተነሳች። ከአዲስ አበባ ሌላ ደብዳቤ መጥቶ ተፈጥሯዊው የስፌት ማንሻ ዘንግ ከየት እንደሚገዛ ጠየቀ፤ መልሱን የሚጽፈው ሰው እስካሁን አልተገኘም። አው ሙሜ አሁንም ጆሮው ጀርባ ይሰካል። ሥራ ሲያልቅ ከማንም በፊት የምቆጥረው የእሱን ጆሮ ነው፤ ጮክ ብዬ።

ሰፈራችንም ተለወጠ። አው ሙሜ በየቤቱ እየዞረ ኮርኒሱን ሁሉ ፈትቶ በእንጨት እያነሳ ሰፋው። የእኔን ግን አልነካም። «ይሄ ለማስተማሪያ ይቀመጥ» አለ። የዘሃራ ቤት ሃያ ስድስት ዲግሪ ሆነ። ባቡር ነጂው ሬዲዮኑን ወሰደ። ትራሱ ተመለሰልኝ።

በመጀመሪያው የጥላ ሰዓት ቤቴ መሀል በጀርባዬ ተኛሁ። ፀጥታው ደስ አለኝ። በሁለተኛው ቀን የኮርኒሴን ስፌቶች ቆጠርኩ፤ አንድ መቶ አራት ናቸው። በሦስተኛው ቀን እንደገና ቆጠርኩ። አሁንም አንድ መቶ አራት ናቸው። በግድግዳው በኩል ሳቅ ይሰማል።

በአራተኛው ቀን ጡሩንባው ሊነፋ ሲል ወጥቼ የዘሃራን በር አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«ተካልኝ ነኝ።»

«ምነው ተኬ?»

ስወጣ ኢንጂነሯ የተወችልኝን መለኪያ አይቼ ነበር። ሃያ ስምንት ነበር።

«ቤቴ ሞቆብኝ ነው» አልኩ።

«ግባ አቦ! በሩን ዝጋው!»

ገባሁ። ተጠጉልኝ። ከእኔ ጋር አስራ ሁለት ሆንን።